ከጉብታው ላይ ያላየኋት መብራት

ተክሌ፣

ከተለያየን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። የምቆጥረው ስንቅህን ይዤ አውራጃው እስር ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ከእንግዲህ አታምጪ ካሉኝ ቀን ጀምሮ ነው። መቃብርህን ስላላሳዩኝ ሌላ የምቆጥረው ቀን የለኝም።

ገብሱ ሊታጨድ ደርሷል። የጓሳ ሣር ማጨድ ሲፈቀድ አምጥተን ጣራውን አደስነው። እህትህ ዘነበች ከእኔው ጋር ናት። ላምባ ከገበያ ጠፍቷል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ለቃሚ እያሉ ይስቁብህ የነበሩት ሁሉ ዛሬ ስለ መብራትህ ያነሳሉ። ስሰማቸው ያንገበግበኛል።

ለሬዲዮ የማይሆነውን ድንጋይ ከየቤቱ ሰብስበህ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። ከተሰበረ ቴፕ የፈታሃትን፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ አምፖል፣ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ክዳን ላይ ተከልካት። ሽቦ ስትጠመጥም፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትጠመጥም ዓመት ሞላህ። አንድ ቀንማ ተናድጄ ድንጋዮቹን ገደል ልከታቸው ነበር። በመጨረሻ በራች።

ያን ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ማዶ ጉብታው ላይ ውጪና ከታየችሽ ነጠላሽን አውለብልቢ ብለህ ላክኸኝ። ወጣሁ። አፍጥጬ አየሁ። ምንም አልነበረም፣ ተክሌ። አንተ ግን ደጃፉ ላይ እጅህን ግንባርህ ላይ አድርገህ ስትጠብቀኝ ታየኸኝ። አንጀቴ አልቻለም። አውለበለብሁ።

አብዮት ጠባቂዎቹም አዩኝ። ለሽፍታ ምልክት ይሰጣሉ ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ እስከ ማዶ ይታያል ወይ ብሎ ሲጠይቅህ፣ መጫወቻ ናት ብትለው ምን ነበረበት? አንተማ ደረትህን ነፍተህ ይታያል አልህ፤ ሚስቴ ምስክሬ ናት አልህ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ባሌን በሰው ፊት ውሸታም አላደርግም ብዬ፣ አዎ ታይታኛለች አልሁ። አንተን ወሰዱህ፤ እኔን ምስክር ናት ብለው ተዉኝ። በአንተ ኩራትም በእኔ ይሉኝታም እስከ ዛሬ እበግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ሊቀመንበር ያኔ የወሰዱትን ቆርቆሮህን ከቢሮው አውጥቶ መለሰልኝ። ድንጋይ ለቅሜ እንዳንተው ፀሐይ አስመታሁ። ዘነበች መብራቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ እኔ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ምናልባት ያን ቀን ጉም ጋርዶኝ ይሆናል፣ ምናልባት አልዋሸሁ ይሆናል ብዬ ነበር። አልታየችም። ዓይኔን ከደጃፋችን ሳልነቅል ወረድሁ። ወንዙን ተሻገርሁ፤ አሁንም የለችም።

የበጎቹ ጉረኖ ጋ ስደርስ፣ ከቤታችን ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ፣ ታየችኝ። ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት።

ከእንግዲህ በየዓመቱ ስንቅህን በመለሱበት ቀን እዚያ ጉረኖ አጠገብ ቆሜ አስብሃለሁ፤ እግሬ እስከቻለ ድረስ አልቀርም። መብራቷ የታየችኝ ዕለትም እዚያው ቆሜ ነጠላዬን አውለበለብሁልህ። የአሁኑ የእውነቴን ነው።

አስካለ