የአክስቴ ልጅ ስላልሆነው እንግዳዬ

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጦሳ ጥላ ኢንሹራንስ
ደሴ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በእኔ ውሸት ምክንያት የተዘጋው የእንግዳዬ የጉዳት ካሳ ፋይል እንዲከፈት ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሀዚም ባሽር በሰኞ ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ስሆን፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ሁለት ክፍሎችን ለአጭር ጊዜ እንግዶች አከራያለሁ። እንግዶቹ ጉዳት ቢደርስባቸው የሚያሳክም የመድን ውልም ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር አለኝ።

1. አቶ ኪዳኑ የተባሉ የማሽን ቴክኒሻን ኮምቦልቻ ማሽን ሊተክሉ መጥተው፣ ክፍሌን በስልክ መተግበሪያ ለአምስት ቀን ያዙ። ሚያዝያ 29 ቀን ጠዋት ከደጃፌ ደረጃ ተንሸራተው ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። ግንበኛው "ያንሸራትታል" እያለኝ፣ ለእንግዳ ዓይን ያብረቅርቅ ብዬ ደረጃውን የግድግዳ ሴራሚክ ያስነጠፍኩት እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ጠዋትም ለእንግዳ ክብር በሳሙና አጥቤዋለሁ።

2. መርማሪያችሁ ወ/ሪት ወንጌላዊት ቤቴ ድረስ መጥተው "እኝህ ሰው ከፍለው ነው ያረፉት?" ሲሉ ጠየቁኝ። እናቴ ወ/ሮ አሚና አጠገባችን ተቀምጠዋል። ልጃቸው እንግዳ ያስከፍላል ብለው በሕልማቸውም አያስቡም፤ አንድ ዓመት ሙሉ የመጣውን ሁሉ ወዳጄ ነው እያልኩ ሳስተዋውቃቸው ኖሬ፣ በወዳጅ ብዛት ስመረቅ ከርሜያለሁ። ስለዚህ "ምን ቆርጦኝ፣ የአክስቴ ልጅ ነው" አልኩ። ወላሂ አለማለቴ ግን እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

3. ሌላ አገር ቢሆን ሀዚምና ኪዳኑ የአክስት ልጆች መሆናቸው ያጠራጥር ነበር። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ያልተዋለደበት ቤተሰብ ጥቂት ነውና መርማሪዋ ሳያመነቱ ጻፉት። አቶ ኪዳኑም ሆስፒታል ተኝተው ሲጠየቁ፣ እኔን ላለማሳፈር "አዎ፣ የአክስቴ ልጅ ነው" ብለው አጸኑልኝ። ውሉ የባለቤቱን ዘመድ ስለማይሸፍን ፋይሉ ተዘጋ። በዚህ መሥሪያ ቤታችሁን አልወቅስም፤ ሁለት ይሉኝተኞች ተባብረን ያደረግነው ነው።

4. ሐኪሙ አጥንቱ እስከ ግንቦት 22 ቀን በቀዶ ጥገና በብረት ካልተያዘ፣ አቶ ኪዳኑ እንደ ድሮው ቆመው መሥራት እንደማይችሉ ነግረውናል። እኔ ባፈርኩበት ነገር ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን እንዳያነክሱ እፈራለሁ።

5. ትናንት ለእናቴ እውነቱን ተናገርኩ። "ያ ረቢ፣ ሲከፍልህ ተቀበልህ፤ እግሩ ሲሰበር ዘመዴ አይደለም ልትል ነው?" አሉኝ።

ስለሆነም አቶ ኪዳኑ ዘመዴ ሳይሆኑ ከፍለው ያረፉ እንግዳ መሆናቸውን የሚያሳየው የምዝገባና የክፍያ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዞ ስለቀረበ፣ ፋይሉ ተከፍቶ ሕክምናቸው ከግንቦት 22 ቀን በፊት እንዲሸፈንልኝ፣ ለሐሰተኛው ቃል ቅጣት ካለም በእኔ ላይ ብቻ እንዲሆን በትሕትና አመለክታለሁ።

በመጨረሻም ውሳኔው ለአቶ ኪዳኑ ሲገለጽ ይህ ማመልከቻ አብሮ እንዳይደርሳቸው እለምናለሁ። አሁን ከሆስፒታል ወጥተው፣ እግራቸው በጀሶ ታስሮ እኔ ቤት ተኝተዋል። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ስልክ በተደወለ ቁጥር "አትጨነቁ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነኝ" ሲሉ እሰማለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ከነሐፍረቴ
ሀዚም ባሽር
(ፊርማ)