«ሦስት ምን?» ብሎ የሚጠይቅ ቋንቋ፦ የመምህር ምናሴ አዘዘ የሕይወት ታሪክ

መምህር ምናሴ አዘዘ ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ ገብረ ክርስቶስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል ተሰማ መጋቢት 7 ቀን 1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከደሴ መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና መኪና መካኒክ ሆነው የተቀጠሩ ሰው ነበሩ። ምናሴ በዘጠኝ ወራቸው ቆመው ሄዱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብለው ያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ስንል እያጋነንን አይደለም። ወይዘሮ የብርጓል በሕይወት ሳሉ እየማሉ ይናገሩት ነበር።

አንድ ቀን አባታቸው ፋብሪካውን ሊያሳዩዋቸው ወሰዷቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዲት ክር ስትበጠስ መኪናው በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምናሴ ለአንዲት ክር ይህ ሁሉ መኪና ለምን እንደሚቆም ጠየቁ። አባታቸውም «ካልቆመማ ስሕተቱን አብሮ ይሸምነዋል» አሏቸው። መምህር ምናሴ ይህን ነገር ለተማሪዎቻቸው ሠላሳ ጊዜ ያህል ሳይነግሩ አልቀሩም፤ ለእኛ ለልጆቻቸው ደግሞ ቁጥሩ ጠፍቶብናል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በባሕር ዳር አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1977 ዓ.ም. በሒሳብ ተመረቁ። በደብረ ታቦር ለሰባት ዓመት ሒሳብ ካስተማሩ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ተመልሰው በኮሌጅ መምህርነት ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ከነርስ ማኅሌት ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራው ከሚዜዎቹ መካከል ጠፍተው ሲፈለጉ ሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ ሲመላለሱ ተገኝተዋል። ከዚህ ጋብቻ ባምላክንና ይህን ታሪክ የጻፈችውን ዜማን አፍርተዋል።

በ1990 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ልባቸውን የሰረቀ አንድ ትምህርት ይዘው መጡ፤ እርሱም የፕሮግራም ቋንቋ እንዴት እንደሚነደፍና እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምረው ነው። ለማያውቀው ለመናገር ያህል፣ ኮምፒውተር እኛ የምንነጋገረውን አይሰማም። ስለዚህ ጥብቅ ሕግ ያለው ቋንቋ ይነደፋል፤ ከዚያም ሰው በዚያ ቋንቋ የጻፈውን አንብቦ፣ ስሕተቱን ነቅሶ፣ ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጥ ተርጓሚ ይሠራለታል። አባታችን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ለሁለቱ ሥራዎች ነው።

በ1999 ዓ.ም. ለተማሪዎቻቸው በአማርኛ ቃላት የሚጻፍ የራሳቸውን ቋንቋ ጀመሩ። በአባታቸው ሙያ «ማግ» ብለው ሰየሙት። ተርጓሚውንም ሰባት ጊዜ አፍርሰው ሰባት ጊዜ ሠሩት። ከዓባይ ማዶ ቤታቸው ተነሥተው ድልድዩን በእግራቸው ሲሻገሩ ከራሳቸው ጋር ይሟገቱ ነበር። የሰፈሩ የባጃጅ ሾፌሮች «መምህር፣ ይግቡ» ማለቱን ትተውት ነበር፤ የገቡ እንደሆነ መንገድ መሐል «አቁምልኝ፣ አገኘሁት!» ብለው ይወርዱና ወረቀታቸውን ረስተው ይሄዳሉ። ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ፤ ግማሹን ይተዉታል። እናታችን ማኅሌት ትታገሣቸው ነበር፤ አንዳንዴ ግን አልታገሠቻቸውም፤ እውነቱ ይነገር።

በ2009 ዓ.ም. ጎበዝ ተማሪያቸው የነበረችው ጀሊላ አብዱልበሲጥ፣ የወረታው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ በመራዊ አካባቢ ለአንድ የመስኖ ማኅበር የውኃ መክፈቻና መዝጊያ ፕሮግራም በማግ ጻፈች። ገበሬው የመሬቱን ስፋት ለማኅበሩ ጸሐፊ ይናገራል፣ ጸሐፊው ያስገባዋል፤ ፕሮግራሙ ውኃውን መጥኖ ይለቃል። አባታችን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ጠላውንም ጋበዙ፣ ጀሊላ የማትጠጣ መሆኗን ረስተው ለእርሷም ቀዱላት።

ፕሮግራሙ የሚመጥነው በሄክታር ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን መሬቱን የሚቆጥረው በቃዳ ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሆናል። ወይዘሮ የሺመቤት የተባሉ ባለ ሽንኩርት ተራቸው ደርሶ ሲጠየቁ «ሦስት» አሉ፤ ሦስት ተብሎ ገባ። ማሽኑ ሦስት ሄክታር የሚያጠጣ ውኃ በሦስት ቃዳ ላይ ለቀቀባቸው። የዓመት ልፋታቸው በአንድ ቀን ጭቃ ለበሰ።

መምህር ምናሴ በማግሥቱ መራዊ ወረዱ። ወይዘሮ የሺመቤት አልጮሁባቸውም። «እኔ ሦስት አልሁ። ሦስት ምን ብሎ የጠየቀኝ የለም» ብቻ አሉ። ይህች ንግግር እስከ ዕለተ ሞታቸው ከጆሯቸው አልወጣችም። ጀሊላ እያለቀሰች ጥፋቱ የእኔ ነው ስትል «አይደለም። አንቺ ብትሳሳቺ ቋንቋው ሊያስቆምሽ ይገባው ነበር። የአባቴ መኪና ለአንዲት ክር ይቆም ነበር፤ የእኔ ግን ዝም ብሎ ሸመነው» አሏት። በዚያ በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር ችግኝ ተከሉ። ምን ዓይነት ችግኝ ተካይ እንደነበሩ ወይዘሮ የሺመቤት ዛሬ እዚህ ስላሉ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ማግ መለኪያ የሌለው ቁጥር አልቀበልም አለ። ሦስት ብሎ ለሚጽፍ ሁሉ «ሦስት ምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ እስኪያገኝም አይንቀሳቀስም። ሕጉ መልካም ነበር። ነገር ግን ቀድሞ የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ በአንድ ቀን ቆመ፤ ትምህርት ቤቶች ተማረሩ፣ ብዙ ሰውም ትቶት ሄደ። ይባስ ብለው አባታችን አንዱን ካቀኑ ሌላው ይታያቸዋልና በየስድስት ወሩ ይለውጡት ጀመር። በኮሌጁ መምህርት የሆነችው ጀሊላ «ጋሽ ምናሴ፣ ሰው እየኖረበት ቤቱን አያፍርሱበት» አለቻቸው። ተቀየሟት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም፤ ይህ በሁለቱም ዘንድ የሚያሳዝን ጊዜ ነበር።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸው። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሕክምና ቢደረግላቸውም ሐኪሞች ቁርጡን ነገሯቸው። እርሳቸው የፈሩት ሞትን አልነበረም። የማግ ሕግ የትም አልተጻፈም ነበር፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የእርሳቸው ጭንቅላት ብቻ ነው። እርሳቸው ሲሞቱ ቋንቋው አብሮ ይቀበራል፤ የመራዊም ውኃ አንድ ቀን ቢበላሽ ጠጋኝ አያገኝም። ይህ እንቅልፍ ነሣቸው። በመጨረሻ ባምላክን ጠርተው «ጀሊላን ጥራልኝ» አሉት።

መጣች። ስድስት ወር ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ዓባይ ማዶ እየመጣች እርሳቸው ሲናገሩ እርሷ ጻፈች። አልጋቸው ላይ አይረጉም፤ ግድግዳውን ይዘው እየተነሡ ይናገራሉ። «ይህንስ እንለውጠው» ሲሉ «ያለውን ይንገሩኝ፣ ጋሼ» ትላለች። ይቆጣሉ፤ ትጠብቃለች። ይነግሯታል። እንዲህ እያሉ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሞላ።

ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ለመኗት። በማግ ዝርዝር የሚቆጠረው ከዜሮ ጀምሮ ነው፣ የመጀመሪያው ዜሮ፣ ሁለተኛው አንድ ይባላል፤ የውጭዎቹን ቋንቋዎች ተከትለው ያደረጉት ሲሆን ልጆች ሁልጊዜ ይሳሳቱበታል። «ከአንድ ይጀምር። ይህቺን ብቻ። ከዚህ በኋላ አልለምንሽም» አሏት።

ጀሊላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የሠላሳ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ ይፈርሳል። የወይዘሮ የሺመቤትም ውኃ አለበት። አልጽፈውም፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ» አለች፤ እንባዋም መጣ።

አባታችንም «እንግዲያው ይቁም» አሉ፤ ሳቁም። «አሁን ባለቤት አገኘ» ብለው ራስጌያቸው ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰጧት። በዚያ ዕለት ምሳቸውን ቁጭ ብለው ጨረሱ። እናታችን ማኅሌት ሳህኑን ይዛ ወጥታ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር እንዲህ ሲሆኑ አይታ አታውቅምና።

መምህር ምናሴ አዘዘ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በ61 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። በዚያው ጠዋት ወይዘሮ የሺመቤት ገና መርዶው ሳይደርሳቸው ተራቸው ደርሶ ሦስት ብለው ነበር። ጸሐፊው ሲያስገባው ማሽኑ «ሦስት ምን?» ብሎ ጠየቀ። «ሦስት ቃዳ» ብለው መለሱ፤ ውኃውም በልኩ ወረደ።

መምህር ምናሴ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማኅሌት ደምሴን፣ ልጆቻቸውን ባምላክንና ዜማን፣ እኅታቸውን ፀደንያ አዘዘን፣ እንዲሁም በስም ዘርዝረን የማንጨርሳቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም ከመራዊና ከወረታ ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ማለት ላልሆነላቸው ለአባታችን እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ መቀመጫ ይስጥልን። የጀመሩትን ይዘንላቸዋል፤ አሁን ይረፉ። አሜን።