ከበሩ የሰፋው ጠረጴዛ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ ጤና እንዴት ይዞሃል? እኔ አናጢው ወንድምህ መዶሻዬም እጄም ሳይደክሙ አለሁ። ቃሉ የእኔ ነው፤ የሚጽፈው የመጨረሻ ልጄ እጅ ነው። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ ብያታለሁ።

ከአንተ ጋር በስልክ ስታወራ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ለእኔ ሲሆን «እሺ አባዬ» ብቻ ናት። «ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ቀጣሪ የሚወደው እሱን ነው፣ እኔ ዘንድ መጥተሽ ተማሪ» ብለሃታል አሉ። የሰፈራችን ኮሌጅ የሚያስተምረው ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነው። እኔም ሰው አለኝ! በሮቹን የሠራሁለት ባንክ ሄጄ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ «የትኛውን ትቀጥራለህ?» አልኩት። «ሁለቱንም እቀጥራለሁ አባባ፤ እኔ የማየው የዲግሪውን ስም ሳይሆን ሠርተው ያሳዩኝን ነው» አለኝ። ይህንን ስነግራት «እስቲ አጎቴን ልጠይቀው» አለች። ለእሷ ባንኩም ኃላፊውም አንተ ሆንክ ማለት ነው!

የማጥኛ ጠረጴዛ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ሠራሁላት። ከበሩ ሰፋ። «አባዬ፣ ይሄ በየት በኩል ይወጣል?» ብላ ሳቀችብኝ። ዕድሜ ልኬን እንጨት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደግሞ ወዴት ሊሄድ ነው በሩን የምለካው?

አሁን መጻፉን ትታ ታየኛለች። ጻፊ ብያታለሁ።

በል ሰላም ሁንልኝ። ስትደውል መጀመሪያ እኔን አናግር።

አናጢው ታላቅህ