ከጓዳችን የወጣው አግዳሚ

ለመጨረሻ ልጄ ለአስካለ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እናትሽ አለች፤ ወገቧ ግን ሰባት ወር አንቺን ሲያነሣና ሲያስተኛ ከርሞ ዛሬም አልተቃናም። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሌዳሽ ከአልጋሽ ትይዩ እንደተሰቀለ ነው፤ የጀመርሽውን የማካፈል ሒሳብ አላጠፋሁትም።

ንዴቴ አልበረደም።

የአዲስ አበባ ሐኪሞች «ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ» ብለው ሲመልሱን፣ ሕመምሽን እንዴት እንደምናስታግስልሽ ያሳየን አልነበረም። ቡታጅራ ስንገባም ጎረቤቱ ከበር ቆሞ «እግዜር ይማራት»፣ «አላህ ያሽራት» እያለ አለፈ። ጓደኞችሽንም ወላጆቻቸው ይጋባባችኋል ብለው ከለከሏቸው። ለምን እንደማይመጡ ስትጠይቂኝ ፈተና ላይ ናቸው አልኩሽ። ገና መስከረም ነበር፤ አውቀሽ ዝም አልሽልኝ።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሮቹ የሚቀመጡት ከእኛ ጓዳ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከአልጋሽ በአንድ ግድግዳ ተለይተው ተደርድረው ከረሙ። ያረፍሽ ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ሁሉም ወጡ፣ ሁሉም ሞሉ። ጎረቤቶቹ ሦስት ቀን እናትሽን አንዲት ማሰሮ እንኳ አላስነሷትም። ሰዉ በሐዘን ያለቀስኩ መሰለው፤ ያቃጠለኝ ንዴት ነበር። ደንቡን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ «ዕቃ የሚወጣው እድርተኛ ወይም ቤተሰቡ ሲሞት ብቻ ነው» ብዬ፣ በቀይ አስምሬ።

ዘንድሮ የጎረቤታችን የሸምሱ ልጅ ዘይነባ እንዳንቺ ተኛች። እናቷ ብቻዋን ስታገላብጣት አየሁ። አንዱን አግዳሚ ተሸክሜ ሄድኩና ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። የእድሩ ዳኛ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በጃንሆይ ሥዕል ሥር እድርተኛውን ሰብስበው አቆሙኝ። «መምህር፣ ሰው ሳይሞት የለቅሶ ወንበር ማውጣት ሟርት ነው። ደንቡም የእርስዎ ነው» አሉኝ።

በማስተማር ዘመኔ አንድ ቀን ያልጮህኩት ሰውዬ ያን ቀን ጮህኩ። ለሬሳ የሚሮጥ እግር ለታመመ ሕፃን ምን አሰረው አልኳቸው። እናትሽ ከሴቶቹ መካከል ወገቧን ይዛ ተነሣች።

ደንቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በማግስቱ ግን ሁለት ሴቶች ዘይነባ ዘንድ ሄዱ፤ አሁን በተራ የሚያድሩላት አምስት ናቸው። እናቷ እንቅልፍ አገኘች። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያጫውቷታል። አትድንም ይሆናል፤ እናውቃለን።

ላንቺ ይህን አላደረግሁልሽም። ወንበሩ በእጄ፣ ቁልፉ በኪሴ ነበር። ይህን እስክሞት አልረሳውም፤ አንቺንም አልረሳሽም። አግዳሚውም እኔ ቆሜ ሳለሁ ወደ ጓዳ አይመለስም።

አባትሽ