ይድረስ ለ«ያልተኛው ዓይን» ገጽ አስተዳዳሪ፦ ስለ እናቴ ንፍሮ

ለተከበሩ፣ ራሳቸው ሳይታዩ ሁሉን ለሚያዩ፣ የ«ያልተኛው ዓይን» ገጽ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለስልክዎ ባትሪና ለተከታዮችዎ ቁጥር ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ እዚህ እንጅባራ ብርዱ ከመጠንከሩና ጎረቤት ከጎረቤት ዓይን ለዓይን መተያየት ከመፍራቱ በቀር ደህና ነን፤ እርስዎም ደህና ይሆኑ ዘንድ እንጸልያለን፣ ምክንያቱም እርስዎ ደህና ካልሆኑ ማንን እንደምንጠላ የሚነግረን አይኖርም።

ስሜ ምንይችል ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ እጠግናለሁ። እኔን በስም አያውቁኝም ይሆናል፤ እናቴን ወይዘሮ ካሳነሽን ግን ለመላው ዓለም አስተዋውቀውልኛል። ባለፈው ወር በማርያም ቀን «ሕፃናትን በምግብ እያባበለች ግቢዋ የምታስገባው ሴት ማን ናት?» ብለው በቀይ ክብ ከበው ያወጧት፣ ነጠላዋን ያጣፋችው ሴት እሷ ናት። እኔ ያየሁት እንኳ በራሴ ስልክ አይደለም። ይኸነው የሚባል ባጃጅ ነጂ ደንበኛዬ ድምፅ እምቢ ያለ ስልክ አምጥቶልኝ ስፒከሩን ቀየርኩለትና፣ ለመሞከር ፊቴ የመጣውን ቪዲዮ ነካ አደረግሁት። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የእናቴ ነበር። ጥገናዬ ስለሠራልኝ ለአፍታ ደስ እንዳለኝ አልደብቅዎትም። ቀጥሎ ጽሑፉን አነበብኩት፣ ከዚያም ከሥሩ ሰው የጻፈውን አነበብኩ፣ ስልኩንም ለባለቤቱ ስመልስ የጥገናውን ሒሳብ መቀበል ረሳሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ የሰፈሩን ልጆች ንፍሮ ታበላለች። ስለት ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ መቃብሬን ማሰብ ሲጀምር፣ ልጄን ብታተርፊልኝ የሰውን ልጅ እንደ ልጄ አበላለሁ ብላ ለእመቤታችን ተሳለች። እኔም ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ንፍሮው ታጉሎ አያውቅም፤ ያኔ የበሉት ልጆች አድገው ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይልካሉ። ልጆቹ ከገቡ በኋላ በሩን የምትዘጋው ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለሆነ ነው፤ ከጥሊሊ በኩል እየበረረ የሚመጣው አይሱዙ ልጅ አየሁ ብሎ ፍሬን የሚይዝ አይደለም። እንግዲህ የከተማችን ታላቅ ምስጢር ይኸው ነው። ይህን ያህል ካልኩ፣ ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አጭርነትዎ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ሲገቡና በሩ ሲዘጋ አሳይተውናል። በሩ ተከፍቶ እፍኛቸውን ሞልተው፣ ጉንጫቸው አብጦ እየተሳሳቁ ሲወጡ ያለውን ግን ቆርጠው በመጣል የተከታዮችዎን ውድ ጊዜ ቆጥበዋል። አስተዋይ ሰው የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርምርዎ። እናቴ ልጆቹን አንድ በአንድ ራሳቸውን እየዳሰሰች በአገውኛ ትመርቃለች፤ እርስዎም «በማይታወቅ ቋንቋ ስትደግምባቸው» ብለው ጻፉበት። በአዊ ምድር፣ ገበያው ግማሹ በአገውኛ በሚከራከርበት ከተማ፣ አገውኛ የማይታወቅ ቋንቋ መሆኑን ያወቅነው በእርስዎ ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን የእርስዎ አይደለም። ምርቃቱን ቃል በቃል የሰሙ፣ እናቶቻቸው በዚያው ቃል የመረቋቸው የአገሬ ልጆች ከሥሩ ገብተው «ያስፈራል» ብለው መጻፋቸው ነው። ወይ ዘንድሮ! ሰው የእናቱን ምርቃት በስልክ ሲሰማው ድግምት ይመስለዋል።

ሦስተኛ፤ «ተጣርቶ የቀረበ» ስለሚለው ማኅተምዎ። ከማን እንደተጣራ ለመጠየቅ ድፍረት የለኝም። ከእኛ ጋር አንድ አጥር የምትጋራው ውቢት እንዳልተጠየቀች ብቻ አውቃለሁ፤ ብትጠየቅም ምን ትል እንደነበር እንጃ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስታየን ወደ ማዶ ትሻገራለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ከእኛ ጋር ቆማ እንዳትቀረጽ ፈርታ ነው። እኔም እውነቱን በትሕትና ጽፌ ከቪዲዮው ሥር አስቀምጬ ነበር፤ ወዲያው ሰርዘው አገዱኝ። ንጽሕናዎን አደንቃለሁ። እውነት አንዴ ሾልኮ ከገባ ቤት ያቆሽሻል።

አራተኛ፤ ስለ ሕዝብ ጤና ስለሚያደርጉት ጥረት። የሰፈራችን ልጅ ትዕግስት ቪዲዮውን እንዳየች ልጇን አንጠልጥላ ሐኪም ቤት ሮጠች። ልጁ ምንም አልተገኘበትም። ተመልሳ ምን ጻፈች መሰለዎ? «ልጄን እግዚአብሔር በተአምር አተረፈው» አለች፣ ብዙ ሰውም አለቀሰላት። ትዕግስት ራሷ ከዚያው ድስት በልታ ያደገች ናት። ይህን ረስታው እንዳይመስልዎ፤ ረስታ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ባልደፋች።

አምስተኛ፤ ስለ ተከታዮችዎ ትጋት። ድሮ ከአፍ የወጣ አፋፍ ይደርሳል ይባል ነበር፤ የእርስዎ ግን ዳንግላንና ጫግኒን አልፎ ባሕር ማዶ ደርሶ፣ ድንጋይ ሆኖ ወደ ጣራችን ተመልሷል። ማታ ማታ አይደለም፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። መጀመሪያ የተወረወረ ቀን ቆርቆሮው ሲጮህ እየሮጥኩ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ሰዎች ቆመው አየሁ። ወርዋሪውን የያዘ፣ ኧረ ተው ያለ አንድም የለም። የማውቃቸው ናቸው፤ የአንዳንዶቹን ስልክ እኔ ነኝ የጠገንኩት። ሁሉም ስልካቸውን ወደ ጣራው አንስተው፣ ሁለተኛው ድንጋይ እንዳያመልጣቸው ፀጥ ብለው ይጠብቁ ነበር። ጌታዬ፣ ጩኸት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ነገ ሃያ አንድ ስለሆነ ጊዜ የለኝም።

ነገ ሃያ አንድ መሆኑን እርስዎም አልዘነጉትም። «በማርያም ቀን በሯ ላይ እንገናኝ» የሚለውን የአንድ ተከታይዎን ቃል ከሁሉ በላይ ሰቅለውታል። ከሥሩ አንዱ «ክብሪት የሚያመጣ ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ሰው በዚህ ስቋል፤ የሚስቅ ፊት ተደርድሮበታል። ቀልድ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔም ቀልድ እንዲሆን እመኛለሁ። ግን ከሳቁት ውስጥ ስንቱ ቀልዶ፣ ስንቱ ደግሞ ቀጠሮ ይዞ እንደሳቀ በምን ልለየው? ባጃጆቹ ከትናንት ጀምሮ በራችን ጋ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ለሚመለከተው አካል አመለክታለሁ ብዬም ሄጄ ነበር፤ የተቀበለኝ ሰው በጥሞና አዳምጦኝ ሲያበቃ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ይቺ ናት?» ሲል ጠየቀኝ።

እናቴን ለዚህ ወር ይቅርብሽ ብዬ ለመንኳት። ጫግኒ ዘመድ ቤት ልውሰድሽ አልኳት። ባቄላውን እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ። «ስለቴን የተቀበለችኝ እመቤቴ ናት፣ ስልክ አይደለም ልጀ» አለች። ይኸው አሁን ይህን ስጽፍልዎ ባቄላው ተዘፍዝፏል። ልጅ እንደማይመጣ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ማን እንደሚመጣ ግን ሁለታችንም አናውቅም። እናቴ ልትሞትብኝ ትችላለች ብዬ ፈርቻለሁ፤ በአክብሮት ቃል ጠቅልዬ ላሽሞነሙነው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ከሞት የተረፍኩበት ስለት እሷን ሊያስገድላት ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳይመሽ ቪዲዮውን ያውርዱት፣ በምትኩም ንፍሮ መሆኑን በአንድ መስመር ይጻፉ። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታ ተከታይ እንደማያመጣ ይገባኛል። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ነገ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ዘወትር እንደሚያደርጉት ከውጭ ሆነው አይቅረጹ፤ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ከእናቴ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ሕዝቡ ሲመጣ ከዚያ ሆነው ወደ በሩ ይቅረጹ። በዚያ በኩል ሲታይ ሰው ምን እንደሚመስል ገጽዎ እስከዛሬ አላሳየንምና አዲስ ነገር ይሆንልዎታል።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከበሩ ግን ሳልርቅ፣ ላደረጉልንና ነገ ለሚያደርጉልን ሁሉ ምስጋናዬን አስቀድሜ የማቀርብልዎ፣ ታማኝ አንባቢዎና የታገድኩ ተከታይዎ፣

ምንይችል አየነው
የወይዘሮ ካሳነሽ ልጅ
እንጅባራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቪዲዮው መጨረሻ፣ ከተቀረጸበት ባጃጅ ውስጥ፣ «ቀስ በል፣ ቀስ በል፣ በሩ ሲዘጋ ልያዘው» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ ደጋግሜ ሰምቼው አላወቅሁትም። እናቴ ግን አንዴ ሰምታ ለየችው፤ በልጅነትዎ የራስዎን ንፍሮ ከሁሉ ቀድመው ጨርሰው እንደገና እጅዎን የሚዘረጉላት እርስዎ ነበሩ። ስምዎን ነገረችኝ። እኔም ከነአባትዎ፣ ከነሰፈርዎ፣ ከነግቢ በርዎ ቀለም ጽፌው ለመለጠፍ አንዲት ንክኪ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እጄን ይዛ «ተው ልጀ፣ አጥፋው። የሱም እናት ጣራ እኮ ቆርቆሮ ነው» አለችኝ። አጠፋሁት። እሷ ስምዎን እስከ መቃብሯ ትደብቅልዎታለች፤ እኔ ግን ቃል የገባሁላት እስከ ነገ ማታ ብቻ ነው።