የሟች ፊርማ የሚጠየቅበት ጠመንጃ

ይድረስ ለክቡር የጦር መሣሪያ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አንድ መልስ ለመጻፍ አርባ አንድ ቀን የሚበቃቸው ጸሐፊዎችዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ግን ደህና ነኝ ማለት አልችልም። ይህችን ገጽ ስጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቼ የልጄ መኪና ትመጣ እንደሆነ በመስኮት አይቻለሁና፣ ጽሕፈቴ ከተዛባ በትሕትና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ግሌኒስ ፓርፊት እባላለሁ፤ በቡሩንዳሊ በግ አረባለሁ። ባለቤቴ ሜርቭ በመጋቢት አረፈ። ቤታችን ውስጥ በሜርቭ ስም የተመዘገበ አንድ ጠመንጃ አለ፤ እሱና ልጃችን ሌይተን እያንዳንዳቸው የመሣሪያ ፈቃድ ስላላቸው ይጠቀሙበት ነበር። ድርቁ ሦስተኛ ዓመቱን ከያዘ፣ አባቱም ከተቀበረ ወዲህ ሌይተን ሌላ ሰው ሆኗል። በግንቦት ውሻውን ለጎረቤት ሰጠ። እኛ ዘንድ በግ አርቢ በጎቹ ሳያልቁ ውሻውን ለሰው አይሰጥም። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ «እማ፣ እኔ ባልኖር በጎቹን ለማን ትሰጫቸዋለሽ?» አለኝ። «ዝም ብለህ ብላ» አልኩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠመንጃው የተቆለፈበትን ካዝና ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አስሬ እዞራለሁ። ልጄን እንዳላጣው ፈርቻለሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ጠመንጃውን እንዲወስዱልኝ ጻፍኩልዎ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. መሣሪያውን ማስረከብ የሚችለው ባለንብረቱ ብቻ ስለሆነ ቅጹን ሜርቭ ራሱ እንዲፈርምበት አዘውኛል። ባለንብረቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይገኛል። በሕይወት ሳለም ቅጽ መሙላት ስለማይወድ ብዙ ተስፋ ባይጥሉበት እመክራለሁ። የሞት የምስክር ወረቀቱን አያይዤ ነበር፤ «በባለንብረቱ ያልተፈረመ» ተብሎ ተመልሶልኛል።

፪. የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መቶ አስር ኪሎ ሜትር ነዳሁና ፖሊስ ጣቢያ ደረስኩ። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ በሩ ላይ «ሐሙስ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሜርቭ ጋር ክሪኬት ይጫወት የነበረውን ሳጅን ፔኒኩክን ቤቱ ድረስ ሄጄ አንኳኳሁ። በካልሲው ወጥቶ የተጠቀለለውን ነገር ሲያይ፣ «ግሌን፣ ምን ነካሽ! ያለ ፈቃድ ይዘሽው ትዞሪያለሽ? በይ እኔም አላየሁ፣ አንቺም አልመጣሽ፤ ቶሎ ወደ ቤትሽ መልሺው» አለኝ። ሕግ አክባሪ ነኝና ልጄ ወደሚኖርበት ቤት መለስኩት።

፫. በሁለተኛው ደብዳቤዬ ቁልፉ አንገቴ ላይ መሆኑን በሞኝነቴ ነገርኩዎ። ፈቃድ የሌለው ሰው ቁልፍ መያዙ ወንጀል መሆኑን አስታውሰው፣ «በቤቱ ለሚገኘው ባለፈቃድ በአስቸኳይ ያስረክቡ» ብለው ጻፉልኝ። በቤቱ የሚገኘው ባለፈቃድ ሌይተን ነው። ይህን እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ እኔ የእርስዎን ደብዳቤ ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

፬. ከደብዳቤው ጋር አገራችንን ከሌሎች አገሮች የሚያወዳድር ባለ ቀለም መጽሔት ስለላኩልኝም አመሰግናለሁ። በጃፓን ፖሊስ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ጎረቤት ድረስ ሄዶ የሰውየውን ጠባይ ይጠይቃል ይላል። እኔ እናቱ ሳልጠየቅ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። በስዊስ ወታደሩ ጠመንጃውን ቤቱ ያስቀምጣል ብሎ ይገረማል፤ የእኔም ቤት እንዲሁ ሆኗል፣ ወታደር ግን የለንም። ስለ አሜሪካ የሚያወራው ገጽ በማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። እዚያው አሜሪካ፣ ሞንታና አግብታ የምትኖረው የሜርቭ እህት ኮራሊ ጉዴን ብነግራት በስልክ እስክታስል ሳቀች። «እኛ ጋ ጠመንጃ መግዛት ዳቦ እንደ መግዛት ነው እያልሽ ስንት ዓመት አሾፍሽብኝ! እናንተ ጋ ደግሞ ማስረከብ ነው ለካ ጭንቁ!» አለችኝ። የእሷ ጎረቤት ባሏ ሲሞት ለወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ለሸሪፉ ደውላ፣ በዚያው ቀን መጥቶ ወስዶላታል። በአሜሪካ አልቀናም፤ የኮራሊ የልጅ ልጆች ተኳሽ ቢመጣ ብለው በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ሥር መደበቅ ይለማመዳሉ፣ ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም መሳቅ አቁመናል። እዚሁ አገራችን፣ ታስማኒያ ውስጥ አንድ ታጣቂ ብዙ ሰው ከፈጀበት እልቂት በኋላ ሕጉ ሲጠብቅ ሜርቭ ሁለት ጠመንጃ ያለ ቅሬታ አስረክቧል። ያኔ የተቀበለው ሰው «እናመሰግናለን» ብሎ እጁን ጨበጠው። ያንን ሕግ ዛሬም እወደዋለሁ፤ የምፈልገው ያንን እጅ ነው።

እንግዲህ ወንጀለኛ ሆኜ መኖር ስለማይገባኝ ቁልፉን ከትናንት በስቲያ በሪኮማንዴ ፖስታ ለጽሕፈት ቤትዎ ልኬዋለሁ። ሁለተኛውን ሜርቭ ዓሣ ሲያጠምድ ግድቡ ውስጥ ስለጣለው ሌላ የለም። ፖስታውን የከፈተው ሠራተኛዎ ፈቃድ ከሌለው፣ እንደ ደንቡ እሱም ጥፋተኛ ነውና ቅጽ እንዲሞላ ይንገሩልኝ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ፈቃድ የሌላት፣ ልጅ ግን ያላት፣

ግሌኒስ ፓርፊት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ሌይተን ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ለመንግሥት ላክሁት አልኩት። ትንሽ አየኝና፣ «በይ እንግዲህ፣ ሁለታችንም ሸብተን ነው የሚመለሰው» ብሎ ሳቀ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ገና ትናንት ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩና አብረን ለሐኪም ደወልን፤ ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ቁልፉን ለመመለስ፣ እንደ ልማድዎ፣ አይቸኩሉ።