ደጅ ላይ የቀረው ልጅ

ልጄ ናኦድ፣ የወጣህበት ደጅ በሰላም ይመልስህ። ከደዶ የመጣው ቡና ያለወቅቱ በዘነበ ዝናብ አልደርቅ ብሎ አስቸገረን እንጂ እኛ ደህና ነን።

ከባሕር ማዶ የላክኸውን ልብ ወለድ ለአባትህ አነበብኩለት፤ ዓይኑ ደክሟል። ጎረቤታችን ሸኩርም ስፌቱን ትቶ መጣ። ልጁ ከስንት ዓመት በኋላ ከውጭ አገር ተመልሶ እናቱ ደጅ ላይ ቆመ፣ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፣ አለቀ። ቆይ፣ ይሄ ምን የሚሉት አጻጻፍ ነው? ስደውልልህ ደግሞ «የዘንድሮ ደራሲ መጨረሻውን ለአንባቢ ይተዋል» አልከኝ። እንግዳ ጠርቶ «ወጡን እናንተ ሥሩት» ማለት እኮ ነው። በእኛ ጊዜ ደራሲ የጀመረውን ይጨርስ ነበር።

አባትህ ሁለት ቀን ሙሉ «ታዲያ ገባ ወይስ ተመለሰ?» እያለ ሲያደክመኝ፣ የቀረ ገጽ አገኘሁ ብዬ ከራሴ አነበብኩለት። ልጁ አንኳኳ፣ እናቱ ከፈተችለት፣ ፋሲካን አብረው ዋሉ። ይህንንም ሊሰማ የመጣው ሸኩር «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ስፌቱ ሄደ።  አባትህ ግን በማግስቱ የዛገውን የግቢያችንን በር ቀለም አስቀባ።

እመቤቴ ከፊት ከኋላህ ትሁን። ለአንባቢዎችህ እንደ ዘመኑ ጻፍላቸው፤ እኔን ግን አባትህ ፊት ውሸታም አታድርገኝ።

እናትህ ያለምወርቅ